ፒካፓችሁ ፊት ላይ የመጎተቻ ጋንች እንዴት ይገጠማል

ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ታቦር፣ ከታቦር አቶቴ ለሚመላለስ መኪና ፊቱ ላይ ጋንች ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ክረምት ላይ ከሐዋሳ ወጥታችሁ፣ አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ሁላ ወይም ወደ በንሳ የምትገቡ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናብ የጠገበ ቀይ አፈር ፎርባይፎር ነው ብሎ አያልፍም።

መኪናው ሲያዝ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አይሱዙ ይመጣል፣ ሹፌሩ ገመድ ያወጣል፣ ከዚያ «የት እንሰር?» ይባላል። ፓራውልት ላይ ከታሰረ ፓራውልቱ ይነቀላል። አንዱ ከስር ገብቶ ያገኘው ብረት ላይ ካሰረው ደግሞ ያ ብረት የመሪ ዘንግ ሊሆን ይችላል። ከማጡ ወጥታችሁ መሪ የማይታዘዝ መኪና ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ከስር ገብታችሁ እዩ። ሻንሲው (መኪናው የተቀመጠበት ዋናው የብረት አጽም) ጫፍ ላይ ወፍራም፣ በሁለት ቡሎን የታሰረ ጋንች ካለ ግማሹ ሥራ አልቋል። ጣት የምታክል ቀጭን የብረት ቀለበት ብቻ ካያችሁ ግን አትሸወዱ፤ እሷ በአብዛኛው መኪናው በመርከብ ሲመጣ እንዳይንሸራተት የታሰረባት ናት። ማጥ ውስጥ የተቀረቀረ ፒካፕ አታወጣም። አንዳንድ አዲስ ሞዴል ደግሞ ፓራውልቱ ላይ ትንሽ ክዳን አለው፣ ከኋላው ከክሪኩ ጋር የሚመጣ ቀለበት የሚጠመዘዝበት ቀዳዳ ታገኛላችሁ። የተበላሸ መኪና አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለመጎተት ይሆናል፤ ለጭቃ ግን አትመኑት።

አሁን ወደ ብየዳው። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ አቋራጩ ዝግጁ ነው፦ ቁራጭ ፌሮ ይታጠፋል፣ ሻንሲው ላይ ይበየዳል፣ ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ አለቀ። ርካሽ ነው፣ ሲያዩትም ጠንካራ ይመስላል። አታሠሩት። ፌሮ የተሠራው ኮንክሪት ውስጥ እንዲቀበር ነው። የብየዳው እሳት ከመገጣጠሚያው አጠገብ ያለውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ቀስ ተብሎ ሲጎተት ችሎ፣ በድንገት ሲነጠቅ ቀጭ ይላል። ያኔ ፌሮው ከገመዱ ጋር እየበረረ ወደ ጎታቹ መኪና መስታወት ይሄዳል። በዚያ ላይ የብዙ ፒካፕ ሻንሲ የፊት ጫፍ ሲጋጭ እንዲጨማደድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ብየዳ ያንን ያበላሻል። ባትሪው ሳይነቀል ከተበየደ ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተርም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ጋንች በቡሎን ይታሰራል፣ ያውም ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ።

ስትገዙ ለሞዴላችሁና ለዓመተ ምህረቱ የሚሆነውን ጥንድ፣ ግራና ቀኝ፣ ጠይቁ። ሐዋሳ ካጣችሁት የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ሰው ላኩ። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ባዶውን 2 ቶን አካባቢ ነው፤ ሲጫን ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ጭቃው ደግሞ በራሱ ወደ ኋላ ይስባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጋንች ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከተጫነ መኪናችሁ ክብደት በላይ ይሁን። ምንም ቁጥር የሌለው የሚያብረቀርቅ ጋንች ጌጥ ነው። ያገለገለ ከሆነ የታጠፈ፣ የተሰነጠቀ ወይም ብየዳ የነካው አትውሰዱ።

ቡሎኑን በአይን ለክቶ የሚሰጥ ሻጭ ብዙ ነው፤ እናንተ ግን የቡሎኑ ጭንቅላት ላይ ያለውን የጥንካሬ ቁጥር አንብቡ። 8.8 ወይም 10.9 ይላል፤ ለዚህ ሥራ 10.9 ውሰዱ። ውፍረቱ 12 ሚሊ የሆነ (ግንዱን ነው የምላችሁ፣ የቁልፉን ቁጥር አይደለም) 8.8 ቡሎን ተለጥጦ ሳይበላሽ 5 ቶን ያህል ይችላል፤ 10.9 ከሆነ 7 ቶን ገደማ። የማይዝገው ነጩ ቡሎን ያምራል፣ የተለመደው ዓይነት ግን ከ8.8ም ያንሳል።

ወደ መግጠሙ እንሂድ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር አትግቡ። ከስር ያለውን የሞተር መከላከያ ላሜራ ፍቱ። የሻንሲው ጫፍ ላይ፣ በብዙ ፒካፕ ከውስጥ ዳዶ የተበየደላቸው ቀዳዳዎች አሉ። እዚያ ዓመታት የተጠራቀመ ጭቃና ዝገት ስላለ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ፣ የዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ትንሽ ጠብቁ።

ከዚያ ቡሎኑን መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡት። ዋናው ነገር ይሄ ነው። በጣት ሦስት አራት ዙር ካልገባ በቁልፍ አታስገድዱት፤ ተጣሞ ገብቶ የውስጡን ዳዶ ጥርስ ከበላው፣ ያንን ዳዶ መቀየር ሻንሲ ማስቆረጥ ነው። አልገባ ካለ አውጡት፣ ጥርሱን አስጠርጉ፣ እንደገና ሞክሩ። ጋንቹን አስጠግታችሁ ሁሉንም ቡሎን ከነሮንዴላው በጣት ያዙና ጋንቹ ሻንሲው ላይ ሙሉ በሙሉ መተኛቱን እዩ። በመሃል ብርሃን ከታየ ወይ ቀለም ተከምሯል፣ ወይ ጋንቹ የሌላ መኪና ነው። ራዲያተሩንና የመሪ ክፍሎችን አለመንካቱንም አረጋግጡ፤ መሪውን ዳር እስከ ዳር አዙሩት።

አሁን አጥብቁ። የቶርክ ቁልፍ (ስንት ጉልበት እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ) ያለው ጋራዥ ፈልጉ። የመኪናው ማኑዋል ቁጥር ካለው እሱን ያዙ፤ ከሌለው ለ12 ሚሊ 10.9 ቡሎን 110 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። በጉልበት «እስኪያቃስት» ማጥበቅ ቡሎኑን ቀድሞ መግደል ነው። ሲያልቅ ቡሎኑንና ጋንቹን አያይዛችሁ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፣ ላሜራውን መልሱ።

አጎታተቱም የገጠማው ያህል ነው። ጥንድ የገጠማችሁት ጉልበቱ እንዲከፈል ስለሆነ ሁለቱን ጋንቾች በአንድ ገመድ አገናኙና ከመሃሉ ጎትቱ። ይህ ገመድ ረዘም ይበል። በሁለቱ ክንዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ጋንች 58 በመቶ ያህል ይሸከማል፤ ገመዱ አጥሮ ማዕዘኑ 120 ከደረሰ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ጉልበት ይሸከማል፣ ሁለት መሆናቸው ምንም አልጠቀመም። ወደ ጎን አትጎትቱ። የብረት ካቦ ከሆነ መሃሉ ላይ የረጠበ ብርድ ልብስ ወይም ከባድ ጆንያ ጣሉበት፣ ቢበጠስ ወደ ላይ እንዳይገርፍ።

እና ሰው። ገጠር መኪና ሲያዝ መንደሩ ይሰበሰባል፤ ሊገፋ የመጣ አለ፣ ሊያይ የመጣ አለ፣ ትእዛዝ ሊሰጥ ብቻ የመጣም አይጠፋም። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ሁሉንም፣ በተለይ ልጆቹን፣ ቢያንስ የገመዱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል አርቁ። እየተጎተተ የሚገፋ ሰው አይኑር።

ከመጀመሪያው ከባድ ጉተታ በኋላ ያሰመራችሁትን የቀለም መስመር እዩ። ከተዛነፈ ቡሎኑ ተንቀሳቅሷል። መልሳችሁ ከማጥበቅ አውጥታችሁ መርምሩት፤ አንገቱ ከቀጠነ ወይም ጥርሱ ከተለጠጠ የዚያን ጋንች ቡሎኖች በሙሉ በአዲስ 10.9 ቀይሩ።