ከአይአርኤስ ነን ብለው የሚደውሉ አጭበርባሪዎችን እንዴት መለየትና ማመልከት እንደሚቻል

በአሜሪካ የሚኖር ሰው ስልኩን አንስቶ «ከአይአርኤስ ነው የምንደውለው፤ ያልከፈሉት ግብር አለ፤ ዛሬውኑ ካልከፈሉ ፖሊስ ይመጣል» የሚል ድምፅ ቢሰማና ቢደነግጥ ሞኝ ነው ማለት አይደለም። አይአርኤስ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ነው። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ፣ ግብሩን አሠሪ የማይቀንስለትና በየሩብ ዓመቱ ራሱ ገምቶ መክፈል ያለበት ሰው በእርግጥም ያልተዘጋ ሒሳብ ሊኖርበት ይችላል፤ የዜግነት ማመልከቻው ገና ያላለቀለት ሰው ደግሞ ኢሚግሬሽን የሚለው ቃል ብቻ ያስበረግገዋል። ስለዚህ «ዕዳ አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ከሚለው ጥያቄ መነሳት አያዋጣም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ጥያቄው በምን መንገድ እንደመጣና ገንዘቡ በምን መልክ እንዲከፈል እንደተፈለገ ነው።

ጥሪውን ለመለየት

አይአርኤስ ከግብር ከፋይ ጋር ያለውን ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፖስታ በሚልከው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የየትኛው ዓመት ግብር እንደሆነ፣ ስንት እንደሚፈለግና ግብር ከፋዩ ካልተስማማ ምን ማድረግ እንደሚችል ይገልጻል። ምንም ደብዳቤ ሳይደርስ በድንገት ተደውሎ ክፍያ ከተጠየቀ መጠርጠር ተገቢ ነው። እርግጥ ቤት የቀየረና አዲሱን አድራሻ ለአይአርኤስ ያላሳወቀ ሰው ደብዳቤው ወደ ቀድሞው ቤት ሄዶበት ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን መፍትሔው ከታች እንደተገለጸው በራስ መንገድ ማጣራት ነው እንጂ ለደወለው ሰው መክፈል አይደለም።

ከሁሉም ይልቅ ግልጽ የሆነው ምልክት የክፍያው ዓይነት ነው። አይአርኤስ ግብርን በስጦታ ካርድ፣ ማለትም ከሱቅ ተገዝቶ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር በስልክ በሚነበብ የአፕል ወይም የጉግል ካርድ፣ አይቀበልም። በቢትኮይን እንዲከፈልም አያስገድድም። በቼክ የሚከፈል ግብር የሚጻፈው ለዩናይትድ ስቴትስ ትሬዠሪ፣ ማለትም ለአገሪቱ ግምጃ ቤት፣ ነው፤ በግለሰብ ወይም በሌላ ድርጅት ስም እንዲጻፍ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። አይአርኤስ የሰፈሩን ፖሊስ ልኬ አሳስርሃለሁ ብሎ በስልክ አያስፈራራም፤ መንጃ ፈቃድ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የመንጠቅ ሥልጣንም የለውም።

በስልክዎ ላይ የሚታየው ቁጥር የዋሽንግተን መሆኑ ወይም አይአርኤስ የሚል ጽሑፍ መውጣቱ ማስረጃ አይሆንም፤ የደዋይን ቁጥር አስመስሎ ማሳየት በጣም ቀላል ነው። ደዋዩ የባጅ ቁጥር መስጠቱ፣ ሙሉ ስምዎንና መንግሥት የሰጠዎትን መለያ፣ ማለትም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን፣ የመጨረሻ አራት አኃዞች ማወቁም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ እንዲህ ያለ መረጃ ተሰርቆ ይሸጣል። ነገሩ የተደራጀ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ይፋ ያደረገው ክስ 61 ሰዎችንና ድርጅቶችን የሚመለከት ሲሆን፣ በሕንድ አህመዳባድ ከተማ ካሉ የጥሪ ማዕከላት የአይአርኤስና የኢሚግሬሽን ሹም መስለው ይደውሉ ነበር፤ በ2018 ከተፈረደባቸው መካከል እስከ 20 ዓመት እስራት የተቀጡ አሉ።

አንድ የሚያደናግር ነገር ግን አለ። አይአርኤስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቆዩ ዕዳዎችን ለተወሰኑ የግል ዕዳ ሰብሳቢ ኩባንያዎች ይሰጣል፤ እነዚህም በእርግጥ ይደውላሉ። ሆኖም ከመደወላቸው በፊት አይአርኤስ ጉዳዩን ለየትኛው ኩባንያ እንዳስተላለፈ በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ኩባንያውም የራሱን ደብዳቤ ይልካል፤ ክፍያውም የሚፈጸመው ለትሬዠሪ እንጂ ለኩባንያው አይደለም።

ጥሪው ሲመጣ

ምንም ነገር ሳያረጋግጡ ስልኩን ይዝጉ። ስምዎን፣ የልደት ቀንዎን ወይም ባንክዎን «ለማስተካከል» ብለው እንኳ አይናገሩ፤ የተቀዳ መልእክት ከሆነም አንድን ቁጥር ይጫኑ ሲል አይጫኑ። አጭበርባሪዎች «ስልኩን ከዘጉ ይታሰራሉ»፣ «ለቤተሰብ አይናገሩ» የሚሉት ከጎንዎ ያለ ሰው ሰምቶ እንዳያነቃዎት ነው። ስልክ መዝጋት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ብዙ ሰው በትሕትና ማዳመጡን ይቀጥላል፤ እዚህ ላይ ትሕትናው ይቅር።

ከዚያ በራስዎ መንገድ ያጣሩ። በአይአርኤስ ድረ ገጽ የግል አካውንት ከፍተው ያለብዎትን ዕዳ ማየት ይችላሉ፤ አለበለዚያ ወደ 800-829-1040 ደውለው ይጠይቁ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ መጠየቅ ይፈቀዳል። ደዋዩ በሰጠዎት ቁጥር ግን መልሰው አይደውሉ። ዕዳው እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በየወሩ ለመክፈል መስማማት ይቻላል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎችን በግብር ጉዳይ የሚረዱ «የግብር ክሊኒክ» የሚባሉ ማዕከላትም አሉ።

ለማመልከት

አንድም ሳንቲም ባይወስዱብዎት ማመልከቱ ይጠቅማል፤ መርማሪዎች ጉዳዮችን የሚያገናኙት ከብዙ ሰው በሚሰበሰብ ዝርዝር ነው። ስልኩን እንደዘጉ፣ ሳይረሱት፣ የታየውን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ደዋዩ የተጠቀመበትን ስምና የባጅ ቁጥር፣ መልሰው እንዲደውሉ የሰጠዎትን ቁጥር፣ ስንት ብርና በምን መልክ እንደጠየቀ ይጻፉ። የድምፅ መልእክት ከተተወልዎት አያጥፉት። ይህንን ቲግታ ተብሎ ለሚጠራው የግምጃ ቤቱ የግብር አስተዳደር ዋና ኢንስፔክተር በድረ ገጹ ባለው ቅጽ ወይም በ800-366-4484 ያሳውቁ፤ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በሪፖርት ፍሮድ ገጹ በኩል ያመልክቱ። አጭበርባሪው የስቴት ግብር መሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ ከሆነ ለዚያው ስቴት መሥሪያ ቤት ይነገራል።

ገንዘብ ወይም ቁጥር ከሰጡ

የስጦታ ካርድ ቁጥር አንብበው ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ሳይጥሉ ካርዱን ላወጣው ኩባንያ በዚያው ሰዓት ይደውሉ፤ ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ሊታገድ ይችል ይሆናል። በባንክ የላኩ ከሆነ ለባንክዎ ይንገሩ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሰጡ የሰዎችን የብድር ታሪክ በሚመዘግቡት ኩባንያዎች፣ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ፣ ሌላ ሰው በስምዎ እንዳይበደር ክሬዲትዎን ያለ ክፍያ ያስቆልፉ፤ ከአይአርኤስም ባለ ስድስት አኃዝ የማንነት መጠበቂያ ፒን ይውሰዱ፤ ያለዚህ ፒን ማንም በእርስዎ ቁጥር በኢንተርኔት ታክስ አስገብቶ ተመላሹን መውሰድ አይችልም።

ከሳምንታት በኋላ «የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልስልዎታለን፤ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ይላኩ» የሚል ሌላ ሰው ሊደውል ይችላል። አንዴ የከፈለ ሰው ስልክ ቁጥር በአጭበርባሪዎች መካከል ስለሚሸጥ ይህም ያው ማጭበርበር ነው፤ እሱንም ዘግተው በዚያው መንገድ ያመልክቱ።