ጭጭ ብሎ መጥፋት እና ሌሎች ስህተቶች፦ አሜሪካ ኮሌጅ ለገባ ስደተኛ

የመጀመሪያ ሴሚስተሬን የጨረስኩት በኤፍ ነው። ትምህርቱ ከብዶኝ አልነበረም። የሌሊት ሥራ ያዝኩ፣ ሁለት ሳምንት ክፍል ቀረሁ፣ ከዚያ የመምህሩን ፊት ማየት አፈርኩና በዚያው ቀረሁ። ማንም አላባረረኝም። ራሴው ነኝ ሹልክ ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በተመሳሳይ መንገድ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ሳይናገሩ መጥፋት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኮርስ ከበዳችሁ፣ ወይም ሰው ታመመባችሁ እንበል። ኮሌጁ ካስቀመጠው የመጨረሻ ቀን በፊት በደንቡ ካቋረጣችሁ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ደብልዩ፣ ማለትም «አቋርጧል» የሚል ምልክት፣ ይገባል። ደብልዩ አማካይ ውጤት አይነካም። ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ ነው።

የገንዘቡም ነገር አለ። የፌዴራል ድጋፍ የወሰደ ተማሪ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ኮርስ ትቶ ከወጣ፣ ከተሰጠው ገንዘብ የተወሰነው ይመለሳል። ኮሌጁም ሂሳቡን ለእናንተ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ከማቋረጣችሁ በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ (ፋይናንሺያል ኤድ) ጎራ በሉና «ዛሬ ባቋርጥ ስንት ዕዳ ይመጣብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውጤት ወድቆ ድጋፉ ቢቋረጥባችሁስ? ብዙ ኮሌጆች ለሕመም፣ ለቤተሰብ ሞት ወይም ለሌላ ከባድ ችግር ይግባኝ ይቀበላሉ። ደብዳቤው ሁለት ነገር መመለስ አለበት፦ ምን ገጠመኝ? አሁንስ ምን ተለወጠ? የመጀመሪያውን ሁላችንም ገጽ ሙሉ እንጽፋለን። ሁለተኛውን እንረሳዋለን። እኔን የተቀበሉኝ ሥራዬን ወደ ቀን መቀየሬን የሚያሳይ ወረቀት አያይዤ ስመለስ ነው።

የቀድሞ ዲግሪን መደበቅ

ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር «እንዳትናገር፣ ፔል ግራንት ይቀርብሃል» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ፔል ግራንት ተከፍሎ የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው የሚሰጥ ነው፤ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም ያው ነው። ግን የድጋፍ ማመልከቻው፣ ፋፍሳ የሚባለው፣ ላይ መዋሸት በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል። ደግሞ ስሌቱም አያዋጣም። ባችለር ዲግሪ እዚህ 120 ክሬዲት ገደማ ነው። የድሮው ትምህርት ተገምግሞ ግማሹ ቢያዝላችሁ ሁለት ዓመት ተረፈ። ጭራሽ ባችለር እንደገና መጀመር የማያስፈልገው፣ በቀጥታ ማስተርስ መግባት የሚችል ሰውም አለ። ከዜሮ መጀመርን እንደ ስደት ግዴታ የምናየው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ፋፍሳን በገንዘብ ማስሞላት

መሙላቱ ነፃ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል። ቅጹ የሚያየው ግን የቆየ ገቢ ነው፤ ለ2025-26 የትምህርት ዘመን የታየው የ2023 ገቢ ነበር (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ከዚያ ወዲህ ሥራ ካጣችሁ ወይም ገቢያችሁ ከቀነሰ፣ ቢሮው ጉዳያችሁን ለብቻው እንዲያይ ጠይቁ። ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። በዚያው ዓመት የፔል ግራንት ጣሪያ 7,395 ዶላር ነበር፤ ለአንድ ጥያቄ የሚያሳፍር ገንዘብ አይደለም።

ሙሉ ሥራን ከሙሉ ትምህርት ጋር ማጋጨት

ሒሳቡን እንሥራው። ሙሉ ጊዜ ትምህርት 12 ክሬዲት ነው፤ በሳምንት 12 የክፍል ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ጥናት ከተባለ በሳምንት 36 ሰዓት ይሆናል። 40 ሰዓት ሥራ ሲጨመር 76። መንገዱ፣ ልጆቹ፣ እንቅልፉ ገና አልተቆጠረም። ሁለት ኮርስ ወስዶ ማለፍ አራት ወስዶ ሁለቱን ከመውደቅ ይሻላል። ፔል ግራንትም ለግማሽ ጊዜ ተማሪ በመጠኑ ይከፍላል።

ይህ ምክር ግን በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) ለመጣ ሰው አይሠራም። ኤፍ-1 ያለው የባችለር ተማሪ በመደበኛው 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ከዚያ በታች ለመውረድ መጀመሪያ የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማስፈቀድ አለበት። በሴሚስተሩ ወቅት ግቢ ውስጥ የሚሠራው እስከ 20 ሰዓት ነው። ከግቢ ውጭ በካሽ መሥራት ሕጋዊ የመቆያ ፈቃዱን ያሳጣዋል። ያልታሰበ የገንዘብ ችግር ከደረሰበት፣ አንድ የትምህርት ዓመት ከሞላው በኋላ ግቢ ውጭ ለመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ይህን በር የሚያንኳኳ ጥቂት ነው።

በሰው ወሬ ኮርስ መምረጥ

«እኔ የወሰድኩትን ውሰድ» ያለህ ሰው ወዳጅህ ነው፤ የሚያስፈልግህ ኮርስ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ) ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትዛወሩ ከሆነ፣ የትኛው ክሬዲት እንደሚያዝ የሚወስነው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱን ጠይቁ። ለእንግሊዝኛ ማሻሻያ የወሰዳችኋቸው ኮርሶችም ብዙ ጊዜ ለዲግሪው አይቆጠሩም። ጥያቄውን በኢሜይል አድርጉት፤ የትምህርት አማካሪው (አድቫይዘሩ) ቢቀየርም መልሱ በእጃችሁ ይቆያል።