የሚኒሞ ቫልቭ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት
መኪናዋ መብራት ላይ ስትቆም ድርግም ትላለች፣ ወይ ደሞ አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞርበት ቁጥር) ከ600 ወደ 1500 እየወጣ እየወረደ ያስቸግራል፣ ከዛ ያየ ሁሉ "የሚኒሞ ቫልቭ ነው፣ ቀይረው" ይላችኋል። ሚኒሞ ማለት እግር ነዳጅ ላይ ሳይኖር ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ እኔ ፋይቭ ኤ ሞተር ባላት አሮጌ ኮሮላዬ ሁለቱንም አይቻለሁ። እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ትሮትሉ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር፣ ይዘጋል፣ ሞተሩ ግን አየር ስለሚፈልግ ይሄ ቫልቭ በጎን በኩል ያሳልፍለታል፣ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ብሎን መጠምዘዝ ነው። ካርቡራቶር ላይ ያደገ እጅ ሚኒሞ ሲወርድ ካቻቢቴ ይዞ ይመጣል፣ ካርቡራቶር ባላት በድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ ትክክል ነው፣ ነዳጁን ኮምፒውተር በሚረጭበት ኢንጀክሽን ላይ ግን ያ የትሮትል ማቆሚያ ብሎን ለዚህ አልተሰራም። ትሮትሉ ሲዘጋ "እግሩን አንስቷል" ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ሴንሰር አለ፣ ብሎኑ ትሮትሉን ትንሽ ከፈት ካረገው ሴንሰሩ አሁንም እግር ነዳጅ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ኮምፒውተሩም ሚኒሞውን መቆጣጠር ይተዋል። የኔን አንዱ መካኒክ በሁለት ደቂቃ "ሰራልኝ"፣ ሁለት ቀን ደስ አለኝ፣ ከዛ መኪናዋ 1400 ላይ ተሰቅላ አልወርድ አለች። በኋላ ሳየው ብሎኑ ላይ የነበረው የፋብሪካ ቀለም ተሰነጣጥቋል።

ቀጥሎ በስንጥቅ የሚገባ አየር መኖሩን ሳያዩ ዕቃ መግዛት። ይሄን ራሴ ነኝ የሰራሁት፣ አዲስ አበባ መርካቶ ያለው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ቫልቭ ገዛሁ፣ ገጠምኩ፣ ያው ነው፣ ሌላ ደገምኩ፣ አሁንም ያው! መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ምንም ሳይፈታ ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ እያረገ ሄደ፣ ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬን መርገጡን የሚያቀለው ዕቃ) የሚሄደውን ወፍራሙን ሲቆነጥጥ ሚኒሞው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ማሰሪያው ስር ተሰንጥቆ ኖሯል፣ ጆሮ ጠጋ ሲያረጉት ፍስስስ ይላል። የድሮውን ቫልቭ መልሼ ገጠምኩት፣ እስካሁን እሱ ነው የሚሰራው።

የቫልቩን ሶኬት ነቅሎ መፍረድም አለ። ሞተሩ ሞቆ ሶኬቱን ስትነቅሉት ሚኒሞው ከተለወጠ ቫልቩ ትእዛዝ እየሰማ ነበር ማለት ነው፣ ካልተለወጠ ግን ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ስቴፐር ሞተር የሆነው ዓይነት ሲነቀል ባለበት ስለሚቀር ላይለወጥ ይችላል፣ ወይ ደሞ መጀመሪያውኑ ኤሌክትሪክ አይደርሰውም ይሆናል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙ። የኔ ዓይነቱ ሶስት እግር ያለው የቶዮታ ቫልቭ ላይ ከመሀለኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትለኩ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፣ ቀዝቃዛ ሲሆን 20 ኦም አካባቢ፣ አንዱ ጭራሽ ካላነበበ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ተቆርጧል፣ ያኔ ቀይሩት።

ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የብልሽት ኮድም አያታልላችሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ፒ0505 አየሁ ብሎ ቀጥታ አዲስ ቫልቭ አዘዘ። ያ ኮድ የሚለው "ሚኒሞ መቆጣጠር አቃተኝ" ነው፣ ለምን እንደሆነ አይነግርም። ፒ0507 ሲሆን፣ ማለትም ሚኒሞ ከሚገባው በላይ ሲሆን፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በስንጥቅ የሚገባ አየር ነው።

ጠዋት ስትነሳ 1200፣ 1500 ብትል አትደንግጡ፣ እስክትሞቅ ነው። ሞቃ 700 እና 850 መሀል ካልወረደች ነው ነገሩ። መብራት አብሩ፣ መሪ አዙሩ፣ ጭነት ሲመጣ ሚኒሞው ወርዶ ከቀረ ቫልቩን መጠርጠር ትችላላችሁ። የራዲያተር ውሃም እዩ፣ አንዳንድ የድሮ ቶዮታዎች ላይ የውሃው ሙቀት ነው ሚኒሞውን የሚያወርደው፣ ውሃ ከጎደለ ወይ አየር ከገባበት ቫልቩን በከንቱ ትወነጅላላችሁ።

ማጠብ ላይ ደሞ ካርቦኑን በካቻቢቴ መፋቅ የለም፣ ውስጡን ትቧጥጡትና ከዛ በደንብ አይዘጋም። ከትሮትል ቦዲ ፍቱት፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ ምክንያቱም የሚያልፍበት የሞቀ ውሃ አለ፣ አየር በሚሄድበት ብቻ የካርቡራቶር ማጠቢያ ስፕሬይ ንፉ፣ ሽቦ ያለበትን ክፍል አትንከሩት፣ ጋስኬቱንም አዲስ አርጉት፣ አለበለዚያ አሮጌው ራሱ አየር ያስገባና ነገሩ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ስትገጥሙ ባትሪውን ለጥቂት ደቂቃ ነቅላችሁ መልሱት፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚኒሞው ትንሽ ቢዋዥቅ ኮምፒውተሩ እየለመደ ነው፣ ብሎኑን እንዳትነኩት።