መሰኪያው ሲግል ሽቦውን አትጠርጥሩ

ምልክት፦ መሰኪያው ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሽቦውን ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ከብሎኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። እስኪ እናስላው። ስፋቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ፣ 10 ሜትር ሲረዝም ተቃውሞው (ኮረንቲውን የሚገታበት መጠን) 0.11 ኦም ገደማ ነው። 10 አምፔር ቢያልፍበት 11 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ ግን በ10 ሜትሩ ላይ ስለሚበተን በእጅ ሲነካ እምብዛም አይታወቅም። የላላ ብሎን 0.5 ኦም ተቃውሞ ከፈጠረ ግን፣ በዚያው 10 አምፔር 50 ዋት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ይከማቻል። ሙቀቱ የመዳቡን ገጽ ከኦክስጅን ጋር ያዋህደዋል፤ ይህ ጥቁር ሽፋን ተቃውሞውን ያባብሰዋል፤ ተቃውሞው ደግሞ ሙቀቱን።

አንድ ጊዜ የጋለ መሰኪያ ፈትቼ አይቻለሁ። ብሎኑ ስር የነበሩት የመዳብ ክሮች እንደ ደረቅ ሣር ይሰባበሩ ነበር፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አለፍ ብሎ ግን መዳቡ እንደ አዲስ ያበራ ነበር።

መፍትሄ፦ ብሬከሩን አጥፉ፤ ኃይል አለመኖሩንም በቴስተር አረጋግጡ። የጠቆረውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉና ንጹሕ ቀይ መዳብ እስኪታይ ላጡት፤ ከዚያ ብሎኑን በደንብ አጥብቁ። የጠቆረ ሶኬት አይጠገንም፣ ይቀየራል፤ መሰኪያውን ጨብጦ የሚይዘው ብረት በሙቀት ላልቷልና። አደራ፣ ቴስተሩ ትንሽ ኦም ስላሳየ ብቻ አትመኑት። የሚልከው ኮረንቲ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የታመመውን ግንኙነት ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል።

አልሙኒየም ከመዳብ ጋር በቀጥታ አይጠምዘዝ። አየር እንደነካው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ማያያዣ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ ግን አይነሳም።

ክንፉ በነፃነት የሚዞር ከሆነ ካፓሲተሩን፣ ማለትም ቻርጅ እያጠራቀመ ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን ክፍል፣ መርምሩ። በውስጡ ያለው ስስ ፕላስቲክ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ በኤሌክትሪክ መስኩ ውስጥ ግን ሞለኪውሎቹ በጥቂቱ ይሳባሉ፣ በዚህም ተጨማሪ ቻርጅ እንዲከማች ያደርጋሉ። ፕላስቲኩ በቮልቴጅ በተበሳ ቁጥር በቀዳዳው ዙሪያ ፕላስቲኩ ላይ የተለበጠው ስስ ብረት ይተናል፤ ካፓሲተሩ ከአደጋ ይተርፋል፣ አቅሙ ግን ይቀንሳል። ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ ቻርጁን በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አፍስሳችሁ ለኩት። 2.5 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ተብሎ የተጻፈበት 1.6 ካነበበ፣ በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ ቀይሩት፤ ቮልቴጁ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን።

ምልክት፦ የስልኩ ስክሪን ሲረጥብ ራሱን በራሱ ይነካል።

ስክሪኑ ጣትን የሚያውቀው ጣቱ የስክሪኑን የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚለውጥ ነው። ውሃም መስኩን ይለውጠዋል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።