ካሜራ ከፍቶ ሲመለስ ፎርሙ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል

በሠራኸው የአንድሮይድ አፕ ላይ ተጠቃሚው ስሙን፣ ስልኩን፣ አድራሻውን ሞልቶ መታወቂያውን ፎቶ የሚያነሳበት ቦታ ይደርሳል። አንስቶ ሲመለስ የሞላው ሁሉ የለም፤ አንዳንዴ ጭራሽ አፑ ይዘጋል። ያንተ ስልክ ላይ ግን አንድም ቀን አልታየም። እኔም በዚሁ ጉዳይ ሁለት ቀን ፈጅቻለሁ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩትም ምስኪኑን ካሜራ ነበር።

ካሜራ ራም ይበላል። ራሙ ትንሽ በሆነ ስልክ አንድሮይድ ቦታ ሲጠበው ከጀርባ ያለውን አፕ ይገድላል፣ ካሜራው ሲከፈት ደግሞ ከጀርባ የሚሆነው ያንተ አፕ ነው። አክቲቪቲ (የአፑ አንድ ስክሪን) ሲዘጋ የሚጠራው «ኦን ዲስትሮይ» ይጠራል ብለህ አትጠብቅ፣ ፕሮሰሱ (ሜሞሪ ላይ እየሠራ ያለው አፕ) ባንዴ ነው የሚጠፋው። ተጠቃሚው ሲመለስ ሲስተሙ አዲስ ፕሮሰስ አስነስቶ የነበረበትን አክቲቪቲ እንደገና ይፈጥራል፤ ስክሪኑ ያው ነው፣ ሜሞሪው ግን ባዶ። ሲንግልተን (አፑ በሙሉ የሚጋራው አንድ ኦብጀክት) ውስጥ ያስቀመጥከው ዩዘር፣ ማለትም የተጠቃሚው መረጃ፣ ነል (ባዶ) ሆኖ ይጠብቅሃል፣ አፑን የሚዘጋውም እሱ ነው።

«ቪውሞዴል ተጠቅሜያለሁ እኮ» ትል ይሆናል። የስክሪኑን ዳታ የሚይዘው ቪውሞዴል ስልኩ ሲዞር ይተርፋል እንጂ ፕሮሰሱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እኔም የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን ራስህ ስልክ ላይ አምጣው። አፑን ከቅርብ ጊዜ አፖች ዝርዝር ጠርገህ ብታወጣው አይጠቅምህም፤ ሲስተሙ ያስቀመጠው ስቴት (የስክሪኑ ሁኔታ) አብሮ ስለሚጣል አፑ ከዜሮ ይጀምርና ችግሩ ይደበቅብሃል። ሆም ተጫን፣ ኮምፒውተርህ ላይ ፕሮሰሱን የሚገድለውን ትዕዛዝ «ኤዲቢ ሼል ኤኤም ኪል» (adb shell am kill) ብለህ የፓኬጁን ስም አስከትል፣ ከዚያ ከዝርዝሩ ተመለስ። «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለው የዴቨሎፐር አማራጭ አክቲቪቲውን እንጂ ፕሮሰሱን ስለማይገድል ሲንግልተኑ በሕይወት ይቆያል፣ ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳይህ።

አሁን የተሞላውን ጽሑፍ በሴቭድ ስቴት ሃንድል (ፕሮሰሱ ቢሞትም ሲስተሙ በሚያቆይልህ ማስቀመጫ) አስቀምጥ። የፎቶውን ዩአርአይም ጨምር፣ ለካሜራው የሰጠኸው አድራሻ ከጠፋ ፎቶው ተነስቶም የት እንዳለ አታውቅም። ፎቶውን ራሱን ግን እዚያ እንዳትከት! ያስቀመጥከው ዳታ የሚጠቀለልበት ባንድል የሚያልፍበት የባይንደር (በፕሮሰሶች መካከል ዳታ የሚያስተላልፈው የአንድሮይድ ክፍል) ቋት 1 ሜጋባይት ነው፣ ያውም ፕሮሰሱ በሙሉ የሚጋራው፣ ከሞላ አፑ ይወድቃል። ሲንግልተኑ ውስጥ የነበረው ዩዘር ከዲስክ እንደገና ይነበብ። ፎርሙ ረጅም ከሆነ ስልኩ ላይ በሚቀመጠው ሩም ዳታቤዝ ላይ እንደ ረቂቅ ጻፈው።

ፎቶውን ወደ ሰርቨር መላኩን የጀርባ ሥራን ለሚያስተዳድረው ላይብረሪ ለወርክማናጀር ተውለት። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ተራ ሰርቪስ ከጀርባ ብዙ አይቆይም፤ ወርክማናጀር ግን ሥራውን ዳታቤዝ ላይ ስለሚመዘግበው ፕሮሰሱ ቢሞትም በኋላ ያነሳዋል።