ያልጠሩት ሶፍትዌር ከየት መጣ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምፒዩተር ላይ ሳይጋበዝ ብቅ የሚል ሁሉ ቫይረስ አይደለም። አብዛኛው ባለቤቱ ሳያነብ «እሺ» ብሎ ያስገባው ነው። መስኮቱን በዘጉት ቁጥር የሚመለሰውም የገባበት በር ክፍት ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለዊንዶውስ 11 ነው፤ በዊንዶውስ 10 የአንዳንዱ ቦታ ትንሽ ይለያል።

«ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ መጫን

በነፃ የሚታደሉ ፕሮግራሞች ገቢ ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር አዝለው መግባት ነው። ጃቫን የሚያህል ታዋቂ ሶፍትዌር እንኳ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ አስክ የተባለውን ቱልባር (ብራውዘር ላይ የሚለጠፍ የፍለጋ መስመር) አብሮ ያቀርብ ነበር። የምርጫው ሳጥን ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ስለሚመጣ ዝም ብሎ ያለፈ ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠራል። ኢንስቶለሩ «ኤክስፕረስ» እና «ከስተም» የሚል ምርጫ ከሰጠ ከስተምን ይምረጡና የማይፈልጉትን ምልክት ሁሉ ያንሱ። «ዲክላይን» የሚለው ቁልፍ ግራጫ ተቀብቶ የማይሠራ ሊመስል ይችላል። ማስመሰል ነው፤ ይጫኑት፣ ዋናው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይቀጥላል።

ዳውንሎድ የሚያደርጉበት ገጽ ላይም ትልቁና አረንጓዴው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ሳይጫኑት ማውሱን ብቻ ቢያሳርፉበት የሚወስድዎት አድራሻ ከብራውዘሩ ግርጌ በግራ በኩል ይታያል። የፕሮግራሙ ሠሪ አድራሻ ካልሆነ ይተዉት።

«አላው» የሚለውን እንደ በር ቁልፍ መቁጠር

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። አንድ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላውን ይጫኑ» ይላል። የተጫነው ሰው ግን ያረጋገጠው ነገር የለም፤ ለገጹ ማሳወቂያ የመላክ ፈቃድ ሰጠው እንጂ። ከዚያ በኋላ ገጹ ተዘግቶም ከስክሪኑ ታች በቀኝ ጥግ «ኮምፒዩተርዎ በ5 ቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ሳጥን ይመላለሳል። ሳጥኑን ጠጋ ብለው ይዩት፦ በትንንሽ ፊደል የብራውዘሩ ስምና የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎበታል። የአንቲቫይረስ ማስጠንቀቂያ ቢሆን ኖሮ የድረ ገጽ አድራሻ ምን ይሠራበታል?

ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ይግቡ። ከተፈቀደላቸው ዝርዝር የማያውቁትን ሁሉ ያጥፉ። እዚያው ገጽ ላይ ድረ ገጾች ጭራሹን እንዳይጠይቁ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው ቢዘጋው የሚጎድልበት ነገር የለም።

ስክሪኑን ሙሉ ሸፍኖ እየጮኸ «ወደዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። የማይክሮሶፍት እውነተኛ የስህተት መልእክት ስልክ ቁጥር የለውም። ኢስኬፕን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድ ላይ ተጭነው ክፍት ፕሮግራሞችን ከሚዘረዝረው ታስክ ማናጀር ብራውዘሩን ይዝጉት። ሲከፍቱት «የቀድሞ ገጾችን ልመልስ?» ካለዎት እሺ አይበሉት።

አይከኑን ደምስሶ ፕሮግራሙ ጠፋ ማለት

ዴስክቶፕ ላይ ያለው አይከን አቋራጭ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የሚነቀለው ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ ውስጥ ገብተው አንኢንስቶል ሲያደርጉት ነው። ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ቅደም ተከተል ቢያደርጉት አብረው የገቡት ጎን ለጎን ይታያሉ።

በኤክስ የተዘጋ ሁሉ ተዘጋ ብሎ ማመን

ብዙ ፕሮግራሞች ኤክስ ሲጫኑባቸው ከሰዓቱ አጠገብ ይደበቃሉ እንጂ አይዘጉም። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥርም ቀድመው ይነሳሉ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ አፕስ» የሚለውን ይክፈቱ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የኮምፒዩተሩን አነሳስ ምን ያህል እንደሚያዘገየው ሃይ፣ ሚዲየም ወይም ሎው ተብሎ ተጽፎበታል። የቻትና የሙዚቃ ፕሮግራሞችን ዲሴብል ቢያደርጉ አይጠፉም፤ ሲፈልጓቸው ራስዎ ይከፍቷቸዋል። የድምፅ፣ የተችፓድና የአንቲቫይረስ የሆኑትን ግን አይንኩ።

ማጽጃ ላይ ማጽጃ መጨመር

የኮምፒዩተር «ማፍጠኛ» ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ራሱ ሌላ አሰልቺ ነው። ታማኝ የተባለውም ከአደጋ አያመልጥም፦ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲክሊነር የተባለው ማጽጃ 5.33ኛ እትሙ ውስጥ ጠላፊዎች ጎጂ ኮድ ከተውበት ከራሱ ከኩባንያው ድረ ገጽ ተሰራጭቷል። ዊንዶውስ ዲፌንደር የሚባል የራሱ አንቲቫይረስ አለው። ሁለት አንቲቫይረስ ጎን ለጎን ማስሮጥ ደግሞ አንዱ የሌላውን ፋይል እንዲጠረጥር፣ ኮምፒዩተሩም እንዲንቀራፈፍ ማድረግ ነው።

በንዴት አፕዴትን ጭራሽ መዝጋት

ሥራ መሃል «ሪስታርት ላድርግ» ማለቱ ያናድዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተጠቀመበት ቀዳዳ መድፈኛው የወጣለት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር፤ የተጠቁት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው። ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «አክቲቭ አወርስ» አለ፤ እስከ 18 ሰዓት የሚሆን የሥራ ጊዜዎን ቢያስገቡበት በዚያ ውስጥ በራሱ ሪስታርት አያደርግም። ጥድፊያ ካለብዎት ከዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ኢንተርኔትዎን እየበላ ካስቸገረዎት ደግሞ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» (በልክ የሚቆጠር ኢንተርኔት) የሚለውን ያብሩት፤ አብዛኛውን አፕዴት ሌላ ዋይፋይ እስኪያገኝ ያቆየዋል።