የክራሽ ቦክስ ፓተንት ክርክር፦ ክሌሙን ከዕቃው ጋር ማመሳከር

ክራሽ ቦክስ በፓራውልቱና በሻንሲው መካከል ተቀምጦ በግጭት ጊዜ ተጨፍልቆ ጉልበት የሚመጥጥ ክፍል ነው። የፓተንት ባለቤት «የምትሸጡት ግጭት መጣጭ ክፍል መብቴን ይጥሳል» ብሎ ሲጽፍ፣ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው የፓተንቱን ሥዕል ከራሱ ዕቃ ጎን አስቀምጦ ለማየት ነው። ሥዕሉ ግን መብት አይሰጥም። መብቱ ያለው በሰነዱ መጨረሻ በቁጥር በተደረደሩት ዓረፍተ ነገሮች፣ ክሌም በሚባሉት ውስጥ ነው። ቁርጥ አንድ የሚመስል ዕቃ ከክሌሙ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ የማይመሳሰልም ውስጡ ሊገባ ይችላል።

ይህ መመሪያ ለመለዋወጫ አስመጪ፣ ለአምራችና ለኢንጂነር ነው። ሕጉ የአሜሪካ ነው፣ ዓመቶቹም እ.ኤ.አ. ናቸው። ክስ ከመጣ ጠበቃ መያዝ አይቀርም፤ ሆኖም ጠበቃው የሚከራከርበትን የቴክኒክ መረጃ የሚያዘጋጀው ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ደብዳቤ ነው ወይስ ክስ?

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የፍርድ ቤት ቀነ ገደብ አያስቆጥርም። ክስ ከመጥሪያ ጋር በሥርዓቱ ከደረሰ ግን በፌዴራል ፍርድ ቤት መልስ መስጫው በመደበኛው 21 ቀን ነው። ሌላም ገደብ አብሮ መቆጠር ይጀምራል፦ የፓተንት ቢሮው የፓተንቱን ጽናት እንደገና እንዲመረምር በአይ.ፒ.አር. ሥርዓት ለመጠየቅ ክሱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ ያለው ጊዜ 1 ዓመት ብቻ ነው። ይህ ካለፈ በር ይዘጋል።

ደብዳቤው በደረሰበት ቀን ስለ ክፍሉ ያለው ኢሜይል፣ የሥራ ሥዕል፣ የግዢ ሰነድና የሙከራ ውጤት ሁሉ እንዳይጠፋ በጽሑፍ ትእዛዝ ይተላለፍ። ሠራተኞችም «ገልብጠነው ይሆን እንዴ?» እያሉ በቴሌግራም መጻጻፍ ያቁሙ፤ የጻፉት በኋላ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብባቸዋል። ጥሰቱ ታውቆ የተፈጸመ ከሆነ ዳኛው ካሳውን እስከ 3 እጥፍ ማድረስ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በሃሎና ፐልስ ክርክር ይህን ሥልጣን ለዳኞች አቅልሎላቸዋል።

ቀጥሎ ዘመኑን አስሉ። የዩቲሊቲ ፓተንት (ለመልክ ሳይሆን ለአሠራር የሚሰጠው) ከመጀመሪያው መደበኛ ማመልከቻ ቀን አንስቶ 20 ዓመት ይጸናል። ፕሮቪዥናል የሚባለው ጊዜያዊ ማመልከቻ አይቆጠርም፤ ቢሮው ራሱ ባዘገየው ልክ ግን የሚጨመር ቀን ሊኖር ስለሚችል የፊት ገጹን ማስታወሻ ተመልከቱ። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ በ3.5፣ በ7.5 እና በ11.5 ዓመት የማቆያ ክፍያ መከፈሉንም አረጋግጡ። ያለቀበት ፓተንት ወደፊት ሽያጭ አያስቆምም፤ በሕይወት ሳለ ለተፈጸመ ጥሰት ግን ክሱ ከቀረበበት ቀን ወደ ኋላ እስከ 6 ዓመት ድረስ ካሳ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ክሌሙን መበተን

ተሰባብሮ ተሳፋሪ የሚያድን የመኪና አካል ሐሳቡ ራሱ ማንም የሚጠቀምበት ሆኖ ቆይቷል። የዳይምለር ቤንዙ ቤላ ባሬኒ ያቀረበው የጀርመን ፓተንት ማመልከቻ የ1951 ነው፤ መርሴዲስ ደብልዩ 111 በ1959 ይህንኑ ይዞ ወጥቷል። ዛሬ የሚያከራክረው ጠባብ ነገር ነው፦ የቱቦው ቅርጽ፣ የግድግዳው ውፍረት፣ መታጠፍ የሚጀምርበት ቦታ፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት መንገድ፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚጨፈለቅ።

ለማሳያ ያህል እኛው ያዘጋጀነውን ክሌም እንውሰድ፦ «የፓራውልት ስብስብ፣ የሚይዘውም (ሀ) ተሻጋሪ ብረት፤ (ለ) በብረቱና በሻንሲው ጫፍ መካከል የተቀመጠ ክፍት የአሉሚኒየም ቱቦ፤ (ሐ) የቱቦው ግድግዳ ከ1.8 እስከ 2.2 ሚ.ሜ. የሆነ፤ (መ) በቱቦው ፊተኛ ሲሶ ላይ ቢያንስ ሁለት ተሻጋሪ ጎድጓዳ መስመሮች ያሉበት፤ (ሠ) አማካይ የመጨፍለቂያ ኃይሉ ከ80 ኪሎ ኒውተን የማያንስ።»

ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ በግራ አምስቱ ነጥቦች፣ በመሃል በዕቃው ላይ የተገኘው ነገር፣ በቀኝ ማስረጃው ማለትም ፎቶ፣ ልኬት ወይም የሙከራ ግራፍ። ጥሰት የሚባለው አምስቱም ሲገኙ ነው። አንዱ ከጎደለ በቃሉ ልክ ጥሰት የለም፤ በዚያ ክሌም ላይ ተንጠልጥለው የተጻፉት ተከታይ ክሌሞችም አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ ራሳቸውን የቻሉትን ክሌሞች አስቀድሙ፤ 20 ክሌም ያለው ፓተንት ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው። «የሚይዘውም» የሚለው አጻጻፍ ክፍት መሆኑንም ልብ በሉ፤ ሦስተኛ ጎድጓዳ መስመር ወይም በቱቦው ውስጥ ፎም መጨመር ከክሌሙ አያወጣም።

የዚህ ክሌም ትልቁ ጉዳይ «ስብስብ» መባሉ ነው። ቱቦውን ብቻ የሚሸጥ ሰው ስብስቡን ሠርቶ አልሸጠም፤ በቀጥታ ጥሷል ማለት ይከብዳል። ከሳሹ ወደ ተባባሪነት ጥሰት ዞሮ ሻጩ ፓተንቱን ማወቁን፣ ቱቦውም ለዚያ ስብስብ ተብሎ የተሠራ እንጂ ሌላ ቁም ነገር ያለው አገልግሎት የሌለው መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። እዚህ ላይ የ1961ዱ የአሮ ፍርድ ይረዳል። ክርክሩ የተነሣው ስለ ተከፋች መኪና ጣሪያ ጨርቅ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓተንት የተጠበቀ ስብስብ ውስጥ ያለን በራሱ ፓተንት የሌለውን ያለቀ ክፍል መተካት የተፈቀደ ጥገና ነው አለ። ክሌሙ ቱቦውን ለብቻው የሚጠብቅ ከሆነ ግን አሮ አያድንም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

መለካት

ከአንድ አቅራቢ ቢያንስ 5 አዲስ ዕቃ ግዙ፤ ቢቻል ከተለያየ የምርት ጊዜ ይሁኑ። ደረሰኙን፣ የመለዋወጫ ቁጥሩንና ማሸጊያውን ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ሳይከፈት አሽጉና አስቀምጡ። ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተገዛ ያገለገለ ክፍል ለዚህ አይሆንም፤ ትንሽ ከተነካ ጎድጓዳ መስመሩም ሆነ የሚጀምርበት ኃይል ተለውጧል።

አንዱን ቱቦ ቁረጡ፤ በግራይንደር ግን አይሁን። ሙቀቱ ጠርዙን ያበላሻል፣ የአሉሚኒየሙንም ጥንካሬ ይቀንሳል። በዋየር ከት (በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚቆርጥ ሽቦ) ወይም ውኃ በሚያቀዘቅዘው መጋዝ ይሠራ። ቀለም ካለው ከመለካታችሁ በፊት አንሡት። ውፍረቱን በማይክሮሜትር በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ለኩ፣ ምክንያቱም በኤክስትሩዥን (በቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ) የወጣ ቱቦ የቅርጽ ማውጫው መሃል ሲንሸራተት በአንዱ ጎን ይወፍርና በሌላው ይሳሳል። ከላሜራ በፕሬስ የተሠራ ብረት ደግሞ የሚሳሳው በመታጠፊያው ነው። ሦስት ገጽ 2.1፣ አንዱ ገጽ 2.3 ሚ.ሜ. ቢሆን ነጥብ (ሐ) ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም? መልሱ ክሌሙ «ግድግዳው» ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ ነው፤ ያን የሚወስነው ዳኛው ነውና አማካዩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ልኬት ከነቦታው መዝግቡ።

ነጥብ (ሠ) የባሰ ያከራክራል። አማካይ ኃይል ማለት በኃይልና በመጨፍለቅ ርቀት ግራፍ ሥር ያለው ስፋት ለርቀቱ ሲካፈል ነው። ሙከራውን የት እንደምታቆሙት ውጤቱን ይለውጠዋል፦ ቱቦው ታጥፎ ታጥፎ መጨረሻ ላይ ራሱን ሲጠቀጥቅ ኃይሉ በድንገት ይነሣል፤ ያን ክፍል ያካተተ ሰው 82 ያገኛል፣ ከዚያ በፊት ያቆመ 76። ፍጥነቱም እንደዚሁ ነው። በፕሬስ ቀስ ብሎ መጨፍለቅና ከከፍታ ክብደት መጣል ለአሉሚኒየም የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣሉ፤ ለብረት ይራራቃሉ፤ ኢ.ፒ.ፒ. ለሚባለው የፓራውልት ፎም ደግሞ ሙቀቱም ጭምር ይቆጠራል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱን፣ የቆመበትን ርቀትና የኃይሉ ምልክት የተጣራበትን የማጣሪያ ደረጃ (ፊልተር ክላስ) ጻፉ። ማጣሪያው ሲጠብቅ የመጀመሪያው ከፍተኛ ጫፍ ይከረከማል።

ፓተንቱ የሙከራውን ዘዴ ካልተናገረና ዘዴዎቹ የተለያየ መልስ ከሰጡ፣ ይህ ራሱ መከላከያ ነው። ከ2014ቱ የናውቲለስ ፍርድ ወዲህ ክሌም ለባለሙያ ወሰኑን በበቂ እርግጠኝነት ማሳወቅ አለበት። ሁለቱንም ሙከራ ሠርቶ አንዱ ከ80 በላይ፣ ሌላው ከ80 በታች መሆኑን ማሳየት ከብዙ ገጽ ክርክር ይበልጣል።

ቁጥሮቹ ከእውነታው እንዳይርቁ ቀላል ስሌት ያዙ። 1,500 ኪሎ መኪና በ15 ኪ.ሜ. በሰዓት ሲሄድ ወደ 13 ኪሎ ጁል ጉልበት አለው። በአማካይ 100 ኪሎ ኒውተን የሚጨፈለቅ አንድ ቱቦ ይህን ብቻውን ለመዋጥ 130 ሚ.ሜ. ያህል መጨፍለቅ አለበት። የመድን ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የአር.ሲ.ኤ.አር. ሙከራ 15 ኪ.ሜ. በሰዓት፣ ከመኪናው ስፋት 40 በመቶው ብቻ የሚገጭበት፣ በ10 ዲግሪ ያዘመመ ግድግዳ ስለሆነ ሸክሙ የሚያርፈው በአብዛኛው በአንደኛው ጎን ቱቦ ላይ ነው። ከሳሹ 90 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ቱቦ ይህን ሁሉ በ80 ኪሎ ኒውተን ይመጥጣል ካለ ሒሳቡን ጠይቁት።

መዝገቡና ቀደምት ሥራዎች

የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ በሚያስተዳድረው የፓተንት ሴንተር ድረ ገጽ ላይ አመልካቹና መርማሪው የተጻጻፉት ሁሉ ይገኛል። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ የትኛው ነጥብ የተጨመረው ውድቅ ከተደረገ በኋላ ነው? «ከ1.8 እስከ 2.2» የሚለው በማሻሻያ የገባ ከሆነ፣ ከ2002ቱ የፌስቶ ፍርድ ወዲህ ባለመብቱ 2.5 ሚ.ሜ. ቱቦን «ቃሉ ባይገጥምም ሥራው ያው ነው፣ አቻ ነው» ብሎ መያዝ በእጅጉ ይከብደዋል። ማሻሻያ ከሌለ ግን ከ2.2 ወደ 2.3 ማለፍ ዋስትና አይደለም።

ቀደምት ሥራ፣ ማለትም ከማመልከቻው በፊት የታወቀ ነገር፣ ስትፈልጉ በቃል ብቻ አትፈልጉ፤ ጃፓኖችና ጀርመኖች ያንኑ ክፍል በሌላ ስም ይጠሩታል። በምድብ ቁጥር ግቡ፦ ቢ60አር 19/34 ሲመታ የሚበላሽ የፓራውልት መያዣ፣ ቢ62ዲ 21/15 ግጭት የሚመጥጥ ሻንሲ፣ ኤፍ16ኤፍ 7/12 በመታጠፍ ጉልበት የሚውጥ አካል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ሰነድ አምስቱንም ነጥብ ካልያዘ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፤ ግን ለምን እንደሚጣመሩ ምክንያት ያስፈልጋል። የኬ.ኤስ.አር. እና የቴሌፍሌክስ ፍርድ፣ እሱም ስለ መኪና ፔዳል ነው፣ በ2007 የታወቁ ክፍሎችን በታወቀ መንገድ ማገጣጠም የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ከሰጠ ፓተንት የማያስገኝ ሊሆን እንደሚችል አጽንቷል።

አይ.ፒ.አር. የሚቀበለው ፓተንትና የታተመ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት የተሸጠ መኪና ያንኑ ቱቦ ቢይዝም ብረቱን እዚያ ማቅረብ አይቻልም፤ የጥገና መመሪያው ወይም የክፍሎች ካታሎጉ ይቀርባል። በፍርድ ቤት መኪናው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ማመልከቻው ከ16 ማርች 2013 ወዲህ ከሆነ ሽያጩ በየትኛውም አገር ቢሆን ይቆጠራል፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የቆመ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ዘመኑን የሚናገር አሮጌ መኪና ሊጠቅም ይችላል። ልዩነቱ በማስረጃ ሚዛንም አለ፦ በፍርድ ቤት «ግልጽና አሳማኝ» ማስረጃ ይጠየቃል፣ በአይ.ፒ.አር. ሚዛን የሚደፋው ይበቃል። ቢሮው ግን ማመልከቻውን የመቀበል ግዴታ የለበትም።

ክሌሙ ሰፊ፣ ፓተንቱ ውስጥ ያለው የአሠራር ማብራሪያ ጠባብ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። አውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂስ ኢንተርናሽናል በቢ.ኤም.ደብልዩና በሌሎች ላይ ያቀረበው ክስ ስለ ጎን ግጭት ሴንሰር ነበር፤ ክሌሙ ሜካኒካሉንም ኤሌክትሮኒኩንም ያቅፋል ተባለ። ማብራሪያው ሜካኒካሉን በዝርዝር፣ ኤሌክትሮኒኩን ግን በጥቂት መስመር ነበር የጻፈው፤ በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሌሞቹ ዋጋ የላቸውም አለ።

የኢትዮጵያ ነገር አጭር ነው። የአሜሪካ ፓተንት አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ እዚህ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የተሰጠው ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ላለ ሱቅ ዕቃ የሚልክ ግን ወደ አሜሪካ ማስገባት ራሱ ጥሰት መሆኑን ይወቅ።

ዲዛይን መቀየር

ከፓተንት የሚያርቅ ለውጥ አንድን ነጥብ ጨርሶ የሚያጠፋ ነው። ጎድጓዳ መስመሩን ትቶ መታጠፉን በቱቦው ጫፍ ቁርጥ ማስጀመር ለምሳሌ ከውፍረት ማስተካከል ይሻላል፤ ያም ቢሆን ሥራውን በዚያው መንገድ ከሠራ አቻ ሊባል ስለሚችል ለውጡን ጠበቃው በጽሑፍ ይየው። ከዚያ ሙከራው ይደገም፦ የአሜሪካው የፓራውልት ደንብ ክፍል 581 የፊትና የኋላ ግጭቱን በ2.5 ማይል በሰዓት ይፈትናል፤ ተለዋጭ ቱቦ ቀድሞ ከጠነከረ ጉዳቱ ወደ ሻንሲው ጫፍ ያልፋል። የኤርባግ ኮምፒውተሩም የተስተካከለው በፋብሪካው ቱቦ የመጨፍለቅ ግራፍ ነው። የመጀመሪያው ከፍተኛ ኃይል ከተነሣ ኤርባጉ በቀላል ግጭት ሊፈነዳ፣ ከወረደ ሊዘገይ ስለሚችል፣ አዲሱን ግራፍ ከዋናው ጋር በአንድ ገጽ ደርባችሁ ሳታዩ ዕቃውን ለገበያ አታቅርቡ።